ግራነ ነው ናቡ? የጎረቤት ስም በስካንዲኔቪያ

ባለፈው እትም ስለ ቋንቋ የቆረቆራችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፣ ከመጡት ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ ተገናኙብኝ፣ ጎረቤት ላይ። እና ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱኑ ልመልስ።

*ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከማራኪ ነው። ልጄ ስዊድን ጎተንበርግ ናት፣ የወንድሜ ልጅ ደሞ ኖርዌይ ኦስሎ ነው ያለው። ዘንድሮ ለጥምቀት ሁለቱም መጡልኝና ቤቱ ሞላ። የከተራ ለት ቡና እያፈላሁ ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ስኒ ልትዋስ ብቅ ስትል ልጄ ለወንድሟ በነሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ብላ መሀሉ ላይ ‹ግራነ› አለች፣ እሱም ‹ምን ግራነ ትያለሽ፣ ናቡ ነው የሚባለው› ብሎ ሳቀባት፣ ከዛ በቃ ከአቦል እስከ በረካ ጭቅጭቅ ሆነ። እናቴ ደሞ ጆሮዋ ትንሽ ደከም ብሏል፣ ‹ግራኝ ናት እንዴ እሷ? እኔኮ በቀኟ ስትቆርስ ነው የማያት› ብላ በሳቅ ገደለችን። እንግዲህ እነዚህ አገሮች እርስ በርስ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ ሲባል እሰማለሁ፣ ታዲያ ጎረቤትን የሚያህል ነገር እንዴት ይለያይባቸዋል? ከልጆቹ የቱ ነው ልክ?»*

እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎት እያልኩ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን የወንድምዎ ልጅ መሳቁ ላይ ትንሽ ቸኩሏል፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ስዊድኖች ጎረቤትን ግራነ ነው የሚሉት፣ ሲበዙ ግራናር። ኖርዌዮችና ዴንማርኮች ደሞ ናቦ ብለው ይጽፋሉ፣ ኖርዌዩ ሲያነበው ግን መጨረሻውን ወደ ኡ ስለሚወስደው ናቡ ይሆናል። አይስላንዶች ጭቅጭቁን የሰሙ ይመስል ሁለቱንም ገጣጥመው ናውግራኒ ይላሉ። ፋሮ ደሴቶች ላይ ግራኒ ነው። ፊንላንድን የጠየቀኝ የለም ግን ካነሳነው አይቀር እነሱ ናፑሪ ይላሉ፣ ቋንቋቸው ከነዚህ ጋር ዝምድና የለውም፣ ቃሉን ግን ከጎረቤት ነው የተዋሱት፣ ስኒ እንደተዋሰችው ሴትዮ ማለት ነው።

ናቦ ለመፍታት ቀላል ነው። ና ማለት ቅርብ ነው፣ ቦ ደግሞ መኖር፣ ቅርብ የሚኖር ማለት ነው በቃ። ቦ የምትለዋ ዛሬም በየቀኑ አፋቸው ላይ አለች፣ ኦስሎ ላይ የት ነው የምትኖረው ብለው ሲጠይቁ እሷኑ ነው የሚሏት። የእንግሊዝኛውና የጀርመንኛው ጎረቤትም አሠራሩ ይሄው ነው፣ ቅርብ እና ነዋሪ።

ግራነ ግን ተሸሽጓል። ስዊድኖቹ ራሳቸው ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቁትም፣ ምክንያቱም ቃሉ በብዙ ዘመን ተፍቆ ተፍቆ አንድ ቁራጭ ሆኖ ቀርቷል። ድሮ ሁለት ነበር። ፊተኛው ጋ የምትል ስትሆን አብሮ፣ በጋራ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ራዝን የሚል ቃል ነው፣ ትርጉሙ ቤት። አብሮ ቤት! ቤት የሚጋራ ሰው ማለት ነበር መነሻው።

ይሄን ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ። አንድ ኮርስ አስይዞኝ ኡፕሳላ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ፣ ክረምት የምላችሁ የኛን ሐምሌ አይደለም፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የሚጨልመውን ነው። እዛ ዩኒቨርስቲው ላይብረሪ ውስጥ የብር መጽሐፍ ቅዱስ የሚሉት ብራና አለ፣ ከ1669 ጀምሮ እዛው ነው የተቀመጠው። ብራናው ወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ በብርና በወርቅ ነው የተጻፈው፣ እኛ ብራና አይተን ስላደግን አይገርመኝም ብዬ ነበር የገባሁት፣ መስታወቱ ላይ ተደፍቼ ቀረሁ። የተጻፈው ጣልያን ራቬና አካባቢ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ትርጉሙ ግን ዉልፊላ የሚባል ጳጳስ በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎት ቋንቋ የመለሰው ነው። ጎትኛ ዛሬ የሚናገረው ሰው የለም፣ የስዊድንኛ የአክስት ልጅ ነበር በሉት። እና ሉቃስ 15 ላይ ድሪሟ የጠፋባት ሴትዮ አለች አይደል፣ መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ ስታገኘው ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ ደስ ይበላችሁ የምትል፣ እዛ ጋ ጎረቤት የሚለው ጋራዝና ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጋ፣ ራዝን። ግራነ ገና ሳይፈቀፈቅ በፊት የነበረው መልኩ ማለት ነው።

አሁን ወደኛ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ሳስብ ነው እኔ የገረመኝ። የኛ ጎረቤትስ? በግዕዝ ጎር ብቻውን ጎረቤት ማለት ነው፣ ተጋወረ ሲል ደግሞ ተጎራበተ። አረቦቹ ጃር የሚሉት ወንድሙ ነው፣ ዕብራይስጡም ዘንድ ገር አለ፣ እዛ ግን ትርጉሙ መጻተኛ፣ መጥቶ የተጠጋ ሰው ነው። አማርኛ ጎር ብቻውን አልበቃ አለውና ቤት ጨመረበት፣ ጎረ ቤት። ስለዚህ ስዊድኑም እኛም ጎረቤት ውስጥ ቤት ከተናል፣ ኖርዌዩና ዴንማርኩ ግን ቅርበቱን ብቻ ነው የቆጠሩት፣ ቤት ይኑረው አይኑረው ግድ የላቸውም። እኛ ጎንደሮች እንደውም ቤት ማለት እንወዳለን፣ ፋሲል ከተማውን ከቆረቆረ ከ1636 ወዲህ ሰፈሩን ሁሉ ቤት እያልን አይደል የጠራነው፣ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት። አንድ ሰፈር ሙሉ አንድ ቤት።

እና የወንድምዎ ልጅ ለምን ቸኮለ አልኩ? የድሮው የሰሜኖቹ ቋንቋ ሁለቱም ቃላት ነበሩት፣ ልጆቹ ናቸው እየተከፋፈሉ የሄዱት። ዴንማርኮችም ድሮ ግራንደ ይሉ ነበር፣ ያንድ መንደር ገበሬዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ጉባኤ ስሙ ከሱ ነው የመጣው፣ ስዊድኖችም ጥንት ናቦ ያሉበት ጊዜ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት የጽሑፍ ቋንቋ አለ፣ ቡክሞል እና ኒኖሽክ የሚባሉ፣ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፣ ሰውየው ኦስሎ ስላለ ዓይኑ የለመደው ቡክሞል ነው። ኒኖሽክ ግን ግራነ ይላል! ይባስ ብሎ በ1961 የወጣው ስለ ጎረቤታሞች መብትና ግዴታ የሚደነግገው የኖርዌይ ሕግ በኒኖሽክ ስለተጻፈ ስሙ ግራነሎቫ ነው፣ የግራነ ሕግ። ሕዝቡ በአፉ የናቡ ሕግ ይለዋል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ግራነ ነው። ስለዚህ ልጁ የሳቀው በራሱ አገር ሕግ ላይ ነው፣ ይሄን ይንገሩልኝ፣ ስልክ ሲደውል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ስዊድን ውስጥ ግራነ የሚለው ቃል ትንሽ ያሳዝነኛል። ድሮ ገበሬው መንደር ውስጥ ተጠጋግቶ ነበር የሚኖረው፣ መሬቱ ግን እዚም እዛም ቁርጥራጭ ነበር፣ አንዱ ሳያርስ ሌላው የማያርስበት ዓይነት። በ1803 ደቡብ ባለው ስኮነ በሚባል አውራጃ ላይ፣ በ1827 ደግሞ ከሞላ ጎደል አገሩ ሁሉ ላይ መሬቱ ይጠቃለል የሚል ሕግ ወጣና እያንዳንዱ ገበሬ መሬቱን አንድ ላይ አገኘ፣ ብዙው ግን ቤቱን ነቅሎ መሬቱ መሀል ሄዶ ብቻውን ሠራ። ምርቱ ጨመረ ይላሉ፣ ውሸት አይደለም። ግን አስቡት፣ ስሙ አብሮ ቤት የሆነ ሰው ጭሱ ብቻ ከሩቅ ሲታይ።

*ጥያቄ፦ «ጋሼ እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከላዬ ያሉት ሰዎች ሊነጋ ሲል ሙቀጫ ይጀምራሉ፣ ቡና ይሁን በርበሬ እንጃ፣ ዘነዘናው ግንባሬ ላይ ነው የሚያርፈው። ዴንማርክ የቆየ ጓደኛዬ እነሱ ጋ ከላይ ለሚኖር ጎረቤት ለብቻው ስም አለው አለኝ፣ እውነት ነው? ስሙን ብቻ ነው ወይስ ሕግም አላቸው?»*

ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸህም። ዴንማርኮች ጎረቤትን በአቅጣጫ ነው የሚቆጥሩት። ናቦ ጎንህ ያለው ነው፣ ግድግዳ ወይም አጥር የምትጋራው። ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊትህ ያለው ጌንቦ ይባላል፣ ጌን ማለት አንጻር፣ ትይዩ ማለት ነው። ከላይህ ያለው ኦቨርቦ፣ ከታችህ ያለው ኡንደርቦ። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ያቺው መኖር የምትለዋ ቦ አለች፣ ከፊቷ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚቀያይሩት። ኖርዌዮችም ጌንቦ አላቸው፣ ግን የንቡ ብለው ነው የሚያነቡት። እና ያንተ ሙቀጫ ባለቤቶች ኦቨርቦ ናቸው፣ አንተ ደግሞ ለነሱ ኡንደርቦ ነህ፣ ታች ላለው ሰውዬ ደሞ አንተም ኦቨርቦ ነህ፣ ስለዚህ ማታ ማታ ወንበር ስትጎትት እሱንም አስበው።

እኛ ፎቅ ላይ መኖር ገና ትናንት ስለጀመርን ይመስለኛል እንዲህ ያለ ቃል ያልቆረጥነው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን እንላለን፣ አጥር ለአጥር፣ በር ለበር፣ ፊት ለፊት፣ ለላይኛው ግን የላይኞቹ ከማለት ሌላ ምን አለን? እኔማ አንዱ ጎበዝ ቢፈጥርልን ደስ ይለኛል፣ ላየ ቤት ምናምን ብሎ፣ ግን ቃል እንዲህ ቁጭ ተብሎ አይፈጠርም፣ የሚፈጥረው ያንተ ዓይነቱ ብስጭት ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ግራነሎቫ ያልኩት የኖርዌዩ ሕግ ዋናው ነገሩ ማንም ሰው ያለ አግባብ ጎረቤቱን የሚጎዳ ወይም የሚያውክ ነገር እንዳያደርግ ነው የሚለው። እኔ የምወደው ስለ ዛፍ የሚለውን ነው። ዛፍህ ለጎረቤትህ ቤት ወይም ጓሮ የሚታይ ጉዳት ወይም ልዩ እንቅፋት የሚሆን ከሆነ፣ ቢያንስ የቁመቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ራቅ ማለት አለበት። ማለት ባሕር ዛፍህ 12 ሜትር ከሆነ ከጎረቤትህ ጓሮ 4 ሜትር መራቅ ነው። እኛ ሰፈር አጥር ላይ ተለጥፎ የተተከለውን ባሕር ዛፍ በዚህ ብንለካው ስንቱ ይቆረጥ ነበር፣ ጉድጓዱን ጨርሶ የጠጣብኝ አንድ አለ፣ ባለቤቱ ይሄን መጽሔት ስለሚያነብ ዝም ልበል።

ቤት ልትሠራ ስትልም ናቡቫርሰል የሚባል አለ፣ ለጎረቤት ማስታወቂያ ማለት ነው። ለማዘጋጃ ቤት ከማመልከትህ በፊት ወሰን ለሚጋራህ ለናቡውም፣ ከመንገድ ማዶ ላለው ለየንቡውም ምን ልትሠራ እንደሆነ ታሳውቃለህ፣ አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ ሁለት ሳምንት አላቸው። እንግዲህ የንቡ የሚለው ቃል እዛ ጨዋታ ብቻ አይደለም፣ ወረቀት ላይ የሚፈረምበት ነው።

ግን ሕጉን ሰምተህ እዛ ያለው ሰው እየተጠራራ ፍርድ ቤት የሚሄድ እንዳይመስልህ፣ አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በብጣሽ ወረቀት ነው። ግራነ የሚለውን ቃል እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት ከመዝገበ ቃላት አይደለም። ኡፕሳላ የነበርኩበት ሕንፃ ምድር ቤቱ ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ነበረው፣ ሰሌዳ ላይ ስምህ ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች፣ እሷን የፈለግከው ሰዓት ላይ ሰክተህ ትቆልፋለህ፣ ያ ሰዓት ያንተ ነው። እኔ ሁሉን ነገር ጠንቅቄ፣ ማድረቂያው ውስጥ ያለችውን ማጣሪያ ግን አላወቅኋትም፣ የልብስ ብናኝ የምትይዘዋን። ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ስወርድ ማሽኑ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሦስት ቃለ አጋኖ፣ ማጣሪያውን ከተጠቀማችሁ በኋላ አጽዱ የሚል ነው፣ ሥሩ ላይ የእኔው ግራጫ ብናኝ በፕላስተር ተጣብቋል፣ እንደ ኤግዚቢት። መጨረሻው ላይ ስም የለም። ከሰላምታ ጋር፣ ግራነ ይላል። ጎረቤት! ማን እንደሆነ እስክወጣ ድረስ አላወቅሁም፣ ደረጃ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ሄይ ይለኛል፣ እኔ ደሞ እያንዳንዱን አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? እያልኩ በዓይኔ እመረምራለሁ።

እዚሁ ላይ ሌላ ጉድ ልንገርህ። ግራነ ሌላ ነው፣ ግራን ሌላ። ግራን ማለት የገና ዛፍ የሚያደርጉት ጥድ መሳዩ ዛፍ ነው። አከራዬ ሰፈሩ እንዴት ነው ብላ ስትጠይቀኝ ጥሩ ጎረቤት አለኝ ልል ብዬ ጥሩ የገና ዛፍ አለኝ አልኳት፣ ወሩ መስከረም ነው። ሴትዮዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ዘንድሮ ቀደም ብለህ ገዛህ ማለት ነው አለችኝ።

ስለ ሙቀጫህ የኔ ምክር ወረቀት አትለጥፍ ነው። እዛ ወረቀት ጨዋነት ነው፣ ሰውየውን ፊት ለፊት ላለማሳፈር ብለው ነው፣ እዚህ ግን ወረቀት ለጥፎብኝ ሄደ ከተባለ የሰባት ዓመት ኩርፊያ ነው። ቡና ሲፈላ ልጅቷን ልከው «እማዬ ቡና ጠጡ ትላለች» አስብለውህ ያውቃሉ? ካስባሉህ ሂድና ሁለተኛው ስኒ ላይ አንሳው። ካላስባሉህ አንተ አፍላና ጥራቸው፣ ሙቀጫውን ራስህ ይዘህ ውጣ።

*ጥያቄ፦ «የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ፣ ከአዘዞ። በእንግሊዝኛ ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ላይ ጎረቤት ነው የሚለው። የኛ ለምን ባልንጀራ አለ? ስካንዲኔቪያዎቹስ ግራነ ነው የሚሉት ናቦ?»*

ሁለቱንም አይሉም፣ ጎበዝ ጥያቄ ነው። ትእዛዙ ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ሌላ ቃል ያወጣሉ፣ ስዊድኑ ነስታ፣ ኖርዌዩና ዴንማርኩ ነስተ። እንደራስህ ውደድ የተባለው ሰው እነሱ ጋ ግድግዳ የምትጋራው ሰውዬ አይደለም። ትርጉሙ ከሁሉ የቀረበህ፣ ቀጥሎህ ያለ ማለት ነው።

እኛም እኮ እንዲሁ ለይተናል። ግዕዙ ወአፍቅር ቢጸከ ከመ ነፍስከ ነው የሚለው፣ ጎረከ አላለም፣ ጎር እያለለት። ቢጽ ጓደኛ፣ ባልደረባ ነው። አማርኛው ደግሞ ባልንጀራ አለው፣ ባለ እንጀራ ከሚለው ነው ይላሉ፣ ካንተ ጋር አንድ መሶብ የቀረበ ሰው። እንግሊዝኛው ነው ሁለቱን ባንድ ቃል የጠቀለለው። ሕግ አዋቂው ሉቃስ 10 ላይ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የተነገረው ስለ ጎረቤት እንዳልሆነ ልብ በል፣ ሳምራዊው የኢያሪኮ መንገደኛ ነበር፣ ከቆሰለው ሰውዬ ጋር አጥርም ምንም አይጋሩም።

ነስታ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አላት። በዕለት ተዕለት ስዊድንኛ የሚቀጥለው፣ ተረኛ ማለትም ናት። አንድ ጊዜ ኡፕሳላ መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ጉንፋን ይዞኝ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ ነስታ! አለች፣ የትናንቱ የቤተ ክርስቲያን ስብከት ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበርና እኔን ነው ወይስ ባልንጀራዬን ብዬ ቆምኩ፣ ከኋላዬ የነበሩት አሮጊት ትከሻዬን ገፋ አድርገው ሂድ እንጂ አሉኝ።

ለዛሬ ቦታዬ አለቀ። ነስታ!